የማህፀን በር ካንሰር ክትባትን ለሁሉም ልጃገረድ ማድረስ፦ ለጤና ጣቢያና ለጤና ኬላ ባለሙያዎች ዝርዝር መመሪያ

ክትባት ሲባል ባለሙያውም ሕዝቡም ቶሎ የሚታየው በእናቱ ጀርባ የታዘለ ሕፃን ነው። ቀጠሮው፣ ካርዱ፣ መዝገቡ ሁሉ የተሠራው ለእሱ ነው። የ12 ዓመት ልጅ ግን ጤና ጣቢያ የምትመጣበት ቋሚ ምክንያት የላትም። ቀጠሮ የላትም፣ አትመዘንም፣ ብታማት እንኳ በዳማከሴና በትኩስ ሻይ ይታለፋል። የዚህ ዕድሜ ሽፋን ዝቅ ሲል "ኅብረተሰቡ ግንዛቤ ስለሌለው ነው" ብለን ሪፖርት መጻፍ ይቀናናል። እኔ በዚህ አልስማማም። እምቢ የሚል ወላጅ መኖሩ እውነት ነው፤ ሳይከተቡ ከሚቀሩት ብዙዎቹ ግን ስማቸው የትም ያልተጻፈ፣ ማንም መጥቶ ያልጠየቃቸው፣ ወይም ቡድኑ ትምህርት ቤት በሄደበት ቀን ያልነበሩ ልጆች ናቸው። ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው ከቅስቀሳ ሳይሆን ከስም ዝርዝር ነው።

የምጽፈው በጤና ጣቢያ ላሉ የክትባት ተጠሪዎች፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችና በየክፍሉ ለሚሠሩ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ነው። ምሳሌዬ የኤችፒቪ (የማህፀን በር ካንሰርን የሚያመጣው ቫይረስ) ክትባት ነው፤ በአፍላ ዕድሜ ከሚሰጡት ክትባቶች ትልቁን ሸክም የሚያነሳው እሱ ነውና።

ከመጀመራችሁ በፊት ልታውቁት የሚገባ

በአገራችን የማህፀን በር ካንሰር ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሴቶችን በብዛት የሚያጠቃ ካንሰር ነው። በዓለም ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ 660,000 ያህል ሴቶች ተይዘውበታል፣ 350,000 ያህሉ ሞተውበታል፤ አብዛኛው ሞት የደረሰው ደግሞ ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆነ አገሮች ነው። ከበሽታው 70 በመቶ ያህሉን የሚያመጡት ሁለት የቫይረሱ ዓይነቶች፣ 16 እና 18 ናቸው። ክትባቱ ሁለቱንም ይከላከላል።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2015 በኦሮሚያ ጎማ ወረዳና በትግራይ አሕፈሮም ወረዳ ሞክራ፣ በ2011 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች በሁለት ዙር መስጠት ጀመረች። በኋላ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 አንድ ጊዜ መከተብ ለዚህ ዕድሜ በቂ መከላከያ እንደሚሰጥ አስታወቀ። ለዚህ ውሳኔ ጠንካራ ማስረጃ ካቀረቡት ጥናቶች አንዱ ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ የተደረገው ነው። እኛም በ2017 ዓ.ም. ከ9 እስከ 14 ዓመት ያሉትን ልጃገረዶች በአንድ መርፌ ለመከተብ ሰፊ ዘመቻ አካሄድን።

አንድ መርፌ መሆኑ ሥራውን በጣም አቅልሎታል። ድሮ ግማሹ ድካም የመጀመሪያውን የወሰደችውን ልጅ ከስድስት ወር በኋላ ፈልጎ ማግኘት ነበር። አሁን አንድ ጊዜ ካገኘናት አለቀ። አንድ ጊዜ ካመለጠችን ግን ሌላ ቀጠሮ የለም፤ 15 ዓመት ሞልቷት ከዕድሜ ክልሉ ትወጣለች። የዓለም ጤና ድርጅት እስከ እ.ኤ.አ. 2030 ያስቀመጠው ግብ 90 በመቶ የሚሆኑ ልጃገረዶች 15 ዓመት ሳይሞላቸው እንዲከተቡ ነው፤ ይህን ቁጥር ግድግዳችሁ ላይ ለጥፉት።

1. እያንዳንዷን ልጅ በስም ጻፉ

ወረዳ የሚልክላችሁ ዕቅድ ከሕዝብ ቁጥር ትንበያ የተሰላ ነው። ትንበያ ለበጀት ይጠቅማል፤ የትኛዋ ልጅ እንደቀረች ግን አይነግራችሁም። አንድ ቀበሌ እንውሰድ። በትንበያ 180 ልጃገረዶች አሉት እንበል። ቡድኑ 171 ከተበ፤ ሪፖርቱ 95 በመቶ ይላል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። ቤት ለቤት ተቆጥሮ ቢሆን ግን 214 ልጆች ነበሩ። እውነተኛው ሽፋን 80 በመቶ ነው፤ 43 ልጆች ማንም ሳያስታውሳቸው ቀርተዋል ማለት ነው።

ዝርዝሩን ከሦስት ቦታ አውጡ። አንደኛው የጤና ኬላው የቤተሰብ ማህደር ነው፤ የየቤቱ አባላት ከነዕድሜያቸው ተጽፈውበታል። ማህደሩ ካልታደሰ ይሳሳታል፤ የ3 ዓመት ሕፃን ተብላ የተጻፈችው ዛሬ 10 ዓመት ሊሆናት ይችላል። ሁለተኛው የትምህርት ቤቱ መዝገብ ነው። ሦስተኛው የሰፈር ሰው ነው፤ የሴቶች ልማት ቡድን መሪዋ፣ የእድር ጸሐፊው፣ የቀበሌ ሊቀመንበሩ።

ከሦስቱ የተገኙትን ስሞች በአንድ ደብተር ላይ አስተያዩ። በእኔ እምነት ከዚህ ሁሉ መመሪያ ውስጥ ትልቁ ሥራ ይህ ነው። በማህደሩ ላይ ያለች፣ በትምህርት ቤቱ መዝገብ የሌለች ልጅ ትምህርት ያቋረጠች ናት ወይም ከሰፈሩ ርቃ ሌላ ቦታ የምትማር ናት። በትምህርት ቤት ያለች፣ በማህደሩ የሌለች ደግሞ ዘመድ ቤት ተቀምጣ የምትማር ወይም በቅርቡ የመጣ ቤተሰብ ልጅ ናት። ሁለቱም ዓይነት ልጆች ከሥራው ሾልከው የሚቀሩት በዚህ ክፍተት ነው።

ለየስሙ እነዚህን ጻፉ፦ ሙሉ ስም እስከ አያት፣ የትውልድ ዓመት፣ ጎጥ ወይም መንደር፣ ትምህርት ቤትና ክፍል፣ የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ስልክ። መጨረሻ ላይ ባዶ ሦስት ዓምዶች አስምሩ፤ "ተከተበች"፣ "ቀረች"፣ "ለምን ቀረች"። ሦስተኛዋን ዓምድ በኋላ እንመለስባታለን።

የክትባት ጥያቄያችሁንም ከዚህ ዝርዝር ላይ ተነሥታችሁ አቅርቡ። በትንበያ 180 ጠይቃችሁ 214 ልጅ ካለ፣ ክትባቱ የሚያልቀው ሁሌም መጨረሻ በሚደረስበት በሩቁ ጎጥ ነው።

2. ዕድሜን አጣሩ

ብዙ ልጆች የልደት ምስክር ወረቀት የላቸውም። ካላቸው ይህን ተጠቀሙ፤ ከሌላቸው የክርስትና ወይም የትምህርት ቤት ምዝገባ፣ እሱም ከሌለ እናት የምታስታውሰው ይበቃል። በዚህ ምክንያት ልጅ አትመልሱ።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ዘመን አቆጣጠሩ ላይ ነው። በተለይ በግል ትምህርት ቤቶች የልደት ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ይመዘገባል። "2009" የሚል አይታችሁ በእኛ አቆጣጠር ከቆጠራችሁት በ2018 ዓ.ም. 9 ዓመቷ ይመስላችኋል፤ በፈረንጅ ከሆነ ግን ልጅቷ 16 አካባቢ ናት። ከመዝገቡ አናት ላይ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጠይቃችሁ ጻፉ። ለዙሩ የተወሰነውን የዕድሜ ክልልም ከወረዳው ደብዳቤ ላይ አረጋግጡ፤ ለዘመቻና ለመደበኛው ሥራ የሚወሰነው ዕድሜ ሊለያይ ይችላልና።

3. ከትምህርት ቤቱ ጋር ቀድማችሁ ተስማሙ

ርዕሰ መምህሩን ለማነጋገር የክትባቱን ሳምንት አትጠብቁ። በመስከረም መጨረሻ፣ ምዝገባው ሲረጋጋ ሂዱ። ሁለት ነገር ጠይቁ፤ የክፍሎቹን ስም ዝርዝርና አንድ ተጠሪ መምህርት። ልጆቹ የሚያምኗት፣ ብዙ ጊዜ የሴቶች ክበብ ኃላፊ ወይም የሥነ ሕይወት መምህርት ብትሆን ሥራው ይቀናል።

ቀኑን ስትመርጡ የፈተና ሳምንት ተዉ። በደጋው ኅዳርና ታኅሣሥ የአጨዳና የውቂያ ጊዜ ነው፣ በቡና አካባቢም ለቀማ ነው፤ ሴት ልጆች ከወንዶቹ ይበልጥ ከክፍል ይቀራሉ። ቀኑ ከላይ ተወስኖ ከመጣና በዚህ ወቅት ከዋለ፣ ከመጀመሪያው ሁለተኛ የመመለሻ ቀን ይዛችሁ ዕቅድ አውጡ። የገበያ ቀንም እንዲሁ ነው። ማክሰኞ ገበያ በሆነበት ቀበሌ ማክሰኞ ክፍል ውስጥ የምታገኙት ግማሹን ነው።

ለወላጆች የሚላከው መልእክት አጭር ይሁን፤ ምን እንደሚሰጥ፣ ለምን፣ መቼ፣ ጥያቄ ያለው ማንን እንደሚያነጋግር። ማንበብ ለማይችል ወላጅ ልጅቷ ራሷ እንድታስረዳ ክፍል ውስጥ ቀድማችሁ አስተምሯት። የወላጅ መምህር ኅብረት ስብሰባ ካለ አሥር ደቂቃ ለምኑ፤ እዚያ የተነሣ ጥያቄ በክትባቱ ቀን አጥር ላይ ከሚነሣ ጥያቄ ይሻላል።

4. ትምህርት ቤት የሌሉትን ፈልጉ

ትምህርት ቤት ላይ ብቻ የሚሠራ ቡድን በአንድ ጠዋት መቶ ልጅ ይከትባል፣ ከሰዓት በኋላ ሪፖርት ይጽፋል። ትምህርት ያላገኘች ልጅ ግን ለበሽታው ይበልጥ የተጋለጠች ናት። ቶሎ የመዳር ዕድሏ ሰፊ ነው፣ በኋላም ለቅድመ ካንሰር ምርመራ የመምጣት ዕድሏ ጠባብ ነው። እሷን ዘልሎ 90 በመቶ መድረስ ቢቻል እንኳ የቀረችው 10 በመቶ በትክክል እሷ ናት።

በከተማ የቤት ሠራተኛ ልጆችን አስቡ። ከገጠር የመጣች፣ በአሠሪዋ ቤት የምትኖር የ13 ዓመት ልጅ በማንም ማህደር ላይ የለችም። ወላጆቿ ሩቅ ናቸው፣ አሠሪዋም እንደ ልጇ አድርጋ አታስመዘግባትም። እነዚህን ልጆች የማገኝባቸው ሦስት ቦታዎች አሉ፤ የማታ ትምህርት ቤት፣ እሑድ ጠዋት የቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ እና ራሷ አሠሪዋ ልጇን ለማስከተብ ስትመጣ። "ቤት ውስጥ ሌላ ሴት ልጅ አለች? የምትረዳችሁስ?" ብላችሁ ጠይቁ። ነውር የለውም። አብዛኛዋ እመቤት ጥያቄው ራሱ ትዝ ሳይላት ነው የቀረው፤ "ኧረ አለች፣ ነገ ይዣት እመጣለሁ" ትላለች። ነገ አትበሏት፤ ቀንና ሰዓት ሰጥታችሁ ስልኳን ያዙ።

በገጠር ደግሞ ያገቡና የታጩ፣ ከብት የሚጠብቁ፣ ታናናሾቻቸውን የሚያሳድጉ አሉ። በአርብቶ አደር አካባቢ ቤተሰቡ ከውኃና ከግጦሽ ጋር ይንቀሳቀሳል፤ የእንስሳት ክትባት ቡድን የሚሄድበትን ጊዜ ከግብርና ጽሕፈት ቤት ጠይቃችሁ አብራችሁ መውጣት ብዙ መንገድ ያሳጥራል። ተፈናቃዮች ባሉበት መጠለያ ዝርዝሩን ከአስተባባሪው ውሰዱ፣ በየጊዜውም አድሱት። መድረሳና የአብነት ትምህርት ቤት አካባቢም ሴት ልጆች መኖራቸውን ሳታጣሩ አትለፉ።

ውኃ መቅጃው፣ ወፍጮ ቤቱ፣ የማኅበር ቤቱ፣ ለዚህ ሥራ ከድምፅ ማጉያ ይበልጣሉ። ወፍጮ ቤት ወረፋ የያዘች ልጅ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አላት።

5. ጤና ጣቢያው ውስጥ ያለችውን ልጅ አታሳልፉ

ልጃገረዶች አይመጡም ብንልም ጨርሶ አይጠፉም። በጆሮ ሕመም፣ በወባ፣ በጥርስ፣ ታናሽ ወንድሟን አዝላ፣ እናቷን አጅባ ትመጣለች። ከፊታችን ቆማ ሳትከተብ የምትመለስ ልጅ የእኛ ጉድለት ናት፤ ይህን ደግሞ ማንንም ሳንለምን ራሳችን ማስተካከል እንችላለን።

ካርድ ክፍል ላይ ጀምሩ። ከ9 እስከ 14 ዓመት የሆነች ሴት ልጅ ካርድ ስታወጣ ሠራተኛው ካርዱ ጠርዝ ላይ አንድ ምልክት ያድርግ፤ ቀይ ነጥብ፣ ማኅተም፣ ምንም ይሁን። ተመላላሽ ሕክምና ያለው ባለሙያ ምልክቱን ሲያይ "ተከትባለች?" ብሎ ይጠይቃል፣ ካልተከተበች ሕክምናዋን ጨርሶ በዕለቱ ወደ ክትባት ክፍል ይመራታል። ለዚህ በየጊዜው የሐኪም ትእዛዝ መጠበቅ አያስፈልግም፤ የጤና ጣቢያው ኃላፊ አንድ ገጽ ቋሚ መመሪያ ፈርሞ በየክፍሉ ይለጠፍ። ቀላል ጉንፋን ወይም ተቅማጥ ክትባት አያስከለክልም። የሚያስከለክለው ቀደም ሲል በዚሁ ክትባት ወይም በውስጡ ባለ ነገር የደረሰ ከባድ አለርጂ ነው፤ ከባድ ትኩሳት ያላት እስኪሻላት ትቆይ፣ ነፍሰ ጡር ከሆነች እስክትወልድ ይተላለፍላት።

ሁለት ክፍሎች ለይተው ይታሰቡ። አንዱ የሕፃናት ክትባት ክፍል ነው፤ ለእያንዳንዷ እናት "ታላቅ ሴት ልጅ አለችሽ?" የሚለው ጥያቄ የዘወትር ይሁን። ሌላው የኤችአይቪ ሕክምና ክፍል ነው። ኤችአይቪ በደማቸው ያለ ልጃገረዶች ለማህፀን በር ካንሰር የመጋለጥ ዕድላቸው ብዙ እጥፍ ነው፤ ለእነሱ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ቢያንስ ሁለት፣ ቢቻል ሦስት ጊዜ እንዲከተቡ ነው። ዝርዝራቸው እዚያው ክፍል አለ፤ ምስጢራቸው ተጠብቆ፣ ከመድኃኒት ቀጠሯቸው ጋር አያይዛችሁ ስጧቸው። ትምህርት ቤት ውስጥ ለብቻዋ "ሁለተኛ ተከተቢ" ተብላ የምትጠራ ልጅ ምስጢሯ ወጣ ማለት ነው።

ክትባት በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚሰጥባቸው ጤና ጣቢያዎች አሉ። ለሕፃናቱ ብዙ መጠን የያዘ ብልቃጥ ስለሚከፈት ምክንያቱ ይገባኛል። ለኤችፒቪ የመጣላችሁ ብልቃጥ የአንድ ሰው ከሆነ ግን የሚባክን ስለሌለ ቀን መጠበቅ አያስፈልግም። ከ15 ዓመት በላይ ሆና ያመለጠቻችሁንም ልጅ እንዲሁ አትሸኙ፤ የመንጋጋ ቆልፍና የዘጊ አናዳ መከላከያዋን ጀምሩላት። አምስት ጊዜ የሚሰጥ ሲሆን ሁለተኛው ከአራት ሳምንት፣ ሦስተኛው ከስድስት ወር፣ አራተኛውና አምስተኛው እያንዳንዳቸው ከአንድ ዓመት በኋላ ነው።

6. ለወላጅ እንዴት ይነገር

እዚህ ላይ ቃላት አመራረጥ ለውጥ ያመጣል። በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና በ30 ክሊኒኮች የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት አንድ ቀላል ነገር ፈትኖ ነበር። "ዛሬ ክትባቷን ትወስዳለች" ብለው እንዲጀምሩ የሠለጠኑ ሐኪሞች ባሉባቸው ክሊኒኮች፣ ሥልጠና ካልተሰጠባቸው ጋር ሲነጻጸር ሽፋኑ በስድስት ወር ውስጥ 5.4 ነጥብ በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። ከወላጅ ጋር ረጅም ውይይት እንዲከፍቱ የሠለጠኑት ዘንድ ግን ይህ ለውጥ አልታየም። አገሩ ሌላ ቢሆንም ነገሩ ለእኛም ይሠራል ብዬ አምናለሁ፤ ባለሙያው ሲያመነታ ወላጅም ያመነታል።

በእኛ አነጋገር እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

"እናት፣ ይቺ ልጅዎ ስንት ዓመቷ ነው?"

"አሥራ ሁለት ሞልቷታል ሲስተር።"

"ትደግልዎት። እንግዲያው የማህፀን በር ካንሰር መከላከያዋን ዛሬ ትወስዳለች። ክንዷ ላይ አንድ መርፌ ነው፣ አሁን እዚሁ እንጨርሳለን።"

"እንዴ፣ ካንሰር? ገና ልጅ አይደለች?"

"ልክ ነዎት፣ ገና ልጅ ናት። ክትባቱ የሚሠራው ቀድሞ ሲሰጥ ስለሆነ ነው በዚህ ዕድሜ የምንሰጠው። የኩፍኙን ሕፃን ሳለች አላስከተቧትም? እሱም ሳይታመሙ ነው።"

"አባቷን ሳልጠይቅስ?"

"ይደውሉለት፤ ከፈለጉ እኔም ላነጋግረው።"

የመጨረሻዋን መልስ አስተውሏት። "አባቷን ጠይቀሽ ነይ" ያልናት እናት ቤቷ ሩቅ ከሆነ አትመለስም። ስልክ ባለበት ዘመን ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ በአምስት ደቂቃ ያልቃል። ካልሆነም አታስገድዱ፤ "ለምን ቀረች" በሚለው ዓምድ "አባት ይጠየቅ" ብላችሁ ጽፋችሁ በሦስተኛው ቀን ራሳችሁ ደውሉ።

ልጅቷንም አነጋግሯት። ክንድ እሷ ናት የምትሰጠው። "የኔ ቆንጆ፣ መርፌ ትፈሪያለሽ?" ብሎ የጀመረ ባለሙያ ከወላጁ ጋር ብቻ ከሚያወራው ይልቅ ይታመናል። ስለ ወሲብ ረጅም ትምህርት መስጠት በዚህ ሰዓት አያስፈልግም፤ የመጣችሁት ከካንሰር ልትጠብቋት ነው፣ ያንን ተናገሩ። ከጠየቀች ግን በዕድሜዋ ልክ እውነቱን መልሱላት።

7. ለወሬው መልስ ይኑራችሁ

"ያመክናል" የሚለው በየአካባቢው የሚነሣ ነው፤ ከሁሉም የሚከብደውም እሱ ነው፣ ምክንያቱም የልጅ ልጅ ማየት የሚናፍቅ ወላጅ ጋ ነው የሚገባው። ሰውየውን አትሳቁበት። መልሱ ይህ ነው፤ በክትባቱ ውስጥ ያለው የቫይረሱ የውጭ ቅርፊት አምሳያ ብቻ ነው፣ በሽታ አያመጣም፣ ከሆርሞንም ሆነ ከወሊድ መቆጣጠሪያ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ይልቅስ መውለድን የሚያሳጣው በሽታው ነው። ካንሰሩ ሥር ሰድዶ ሲገኝ ማህፀን ይወጣል፣ ወይም የጨረር ሕክምናው መውለድን ያሳጣል። ይህን የሰማ አባት ፊቱ ሲለወጥ ታያላችሁ።

"ሊሞክሩብን ነው" ለሚለው፦ ክትባቱ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በዓለም ላይ ሲሰጥ ቆይቷል፤ ሩዋንዳ በአገር ደረጃ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። በስኮትላንድ በ12 እና በ13 ዓመታቸው ተከትበው ያደጉ ሴቶች ተጠንተው፣ በ2024 በወጣው ውጤት አንዲትም የማህፀን በር ካንሰር የያዛት አልተገኘችም። "ለምን ሴቶችን ብቻ?" ለሚል ደግሞ፣ በብዙ አገሮች ወንዶችም እንደሚከተቡ፣ እኛ ግን ማህፀን ካላቸው እንደጀመርን ንገሩት።

ወሬ ሲነሣ መልሱ ከእናንተ ብቻ አይምጣ። ቄሱን፣ ሼሁን፣ ፓስተሩን ከክትባቱ ሳምንት በፊት በየቤታቸው ሄዳችሁ አነጋግሩ። በጉባኤ ፊት ድንገት "ይናገሩልን" የተባለ አባት ያላመነበትን አይናገርም። የራሳቸውን ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ያስከተቡ አባት ካገኛችሁ ከዚያ የበለጠ ስብከት የለም። የእናንተ የባለሙያዎቹ ልጆችም ቀድመው ይከተቡ፤ ሰዉ ይጠይቃችኋል።

8. የክትባቱ ቀን

ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መካከል መቆየት አለበት። ሙቀት ይጎዳዋል፣ በረዶ ደግሞ ያበላሸዋል፤ በመንገድ ላይ ብዙ ጊዜ የምንዘነጋው ሁለተኛውን ነው። ከፍሪዘር የወጣ አይስ ፓክ ወዲያው መያዣው ውስጥ አይገባም። ውጭ አስቀምጡት፣ ላቡ ይውጣ፣ ጆሮ አጠገብ ስትነቀንቁት ውኃው ሲንቦጫቦጭ ይሰማ፤ ያኔ ዝግጁ ነው። ብልቃጡን ከካርቶኑ አታውጡ፣ ብርሃንም አይወድም። በረዶ ነክቶታል ብላችሁ የተጠራጠራችሁትን ለይታችሁ አስቀምጡና ለወረዳ አሳውቁ፤ ለልጅ አትስጡ። የብልቃጡን የሙቀት መቆጣጠሪያ ምልክትም ከመስጠታችሁ በፊት እዩ።

አሰጣጡ ክንድ ጡንቻ ላይ፣ 0.5 ሚሊ ሊትር ነው። ያገለገለ መርፌ ክዳን ሳይመለስበት በቀጥታ ወደ ሴፍቲ ቦክስ ይገባል።

አሁን ወደ ራስ መሳት። በዚህ ዕድሜ ከመርፌ በኋላ፣ አንዳንዴም ከመርፌ በፊት፣ ራስን መሳት የተለመደ ነው፤ የሚመጣው ከፍርሃትና ከመጨናነቅ እንጂ ከክትባቱ ይዘት አይደለም። አንዷ ስትወድቅ ወረፋ ላይ ያሉት ካዩ ሌሎቹም ይከተላሉ፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ትምህርት ቤቱ በጩኸት ይሞላል፣ ወሬው ማታውን ቀበሌውን ያዳርሳል። ስለዚህ መከተቢያ ክፍሉና መጠበቂያው ይለያዩ፣ የሚጠብቁት የሚከተቡትን አይዩ። ቁጭ ብላ ትከተብ፣ ከዚያም 15 ደቂቃ ተቀምጣ ትቆይ። ተጠሪ መምህርቷ ከእነሱ ጋር ትሁን፣ ታጫውታቸው። ቁርስ ሳይበሉ የመጡትን ጠይቁ፤ በተለይ በዓቢይ ጾምና በረመዳን ብዙ ልጆች ባዶ ሆዳቸውን ናቸው። ከተቻለ ሌላ ጊዜ ምረጡ፣ ካልተቻለ ቀድማችሁ የሃይማኖት አባቶቹን አማክሩ። አንዷ ብትወድቅ ተረጋግታችሁ አስተኟት፣ እግሯን ከፍ አድርጉ፣ ከሌሎቹ ዓይን ከልሏት። ከባድ አለርጂ እምብዛም አይከሰትም፤ ቢሆንም አድሬናሊኑ በቡድኑ ሻንጣ ውስጥ ሳይኖር ከጤና ጣቢያ አትውጡ። ማንኛውም ያልተፈለገ ክስተት ሲገጥም በቅጹ ሞልታችሁ ሪፖርት አድርጉ።

ከመሄዳቸው በፊት ክንዷ ሊያማትና ሊያብጥ፣ ቀለል ያለ ትኩሳትና ራስ ምታት ሊኖራት እንደሚችል፣ በአንድ ሁለት ቀን እንደሚጠፋ ንገሯት። ቀድማ የሰማችውን አትደነግጥበትም።

9. ደብተሩን በየወሩ ክፈቱ

ማታ፣ ቡድኑ ከመበተኑ በፊት፣ ዝርዝሩ ላይ ያሉትን ስሞች ከክትባት መዝገቡ ጋር አስተያዩ። ለእያንዳንዷ የቀረች ልጅ "ለምን ቀረች" የሚለውን ሙሉ። ለመፍትሔው መነሻ የሚሆነው ይህ ዓምድ ነው። "ታማ ነበር" የሚል ከበዛ ሁለተኛ ቀን ያስፈልጋል። "ከብት ጥበቃ" ከበዛ ሰዓቱን ወደ ማለዳ ወይም ወደ ማታ አዙሩት። "ወላጅ እምቢ አለ" የሚለው ከአንድ ጎጥ ብቻ ተሰብስቦ ከመጣ እዚያ ወሬ ገብቷል፤ በሳምንቱ ውስጥ ሂዱ። "ስሟ አልተገኘም" ከበዛ ደግሞ ወደ መጀመሪያው ደረጃ ተመለሱ።

በየወሩ የጤና ጣቢያው ኃላፊ፣ የክትባት ተጠሪውና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቹ ተሰብስበው በየቀበሌው የቀሩትን በስም ይዩ። መቶኛ እየጠሩ ከመወያየት ስም እየጠሩ መወያየት ይሻላል፤ "ከእነዚህ ሰባት ልጆች ሦስቱን ማን ያያቸዋል?" ሲባል ሰው ኃላፊነት ይወስዳል። ወደ ወረዳ የሚሄደው ሪፖርት በትንበያ ቢሰላም፣ በቆጠራ የተገኘውን ቁጥር ከጎኑ አስቀምጡ። ሽፋናችሁ ዝቅ ብሎ ሊታይ ይችላል፤ የወረዳው ኃላፊ ልዩነቱን ቢጠይቅ ደብተሩን አሳዩት።

ለልጅቷ የተሰጠው ካርድ ቤት ውስጥ እንዲቀመጥ ለወላጅ ንገሩ፤ ለሌላ አካባቢ ስትሄድ ካርዷ ከሌለ መከተቧን የሚያረጋግጥላት የእናንተ መዝገብ ብቻ ይሆናል። ወደ ሌላ ቀበሌ የሄደችውንም ልጅ "ሄዳለች" ብላችሁ አትሰርዙ፤ የሄደችበትን ጠይቃችሁ ለዚያ ጤና ጣቢያ ደውሉ።

በነሐሴ ደብተሩን አንሥታችሁ፣ ሳይከተቡ 14 ዓመት የሞላቸውን ለይታችሁ አውጡ። እነዚህ የመጨረሻ ዕድላቸው ላይ ናቸው፣ ትምህርት ቤት እስኪከፈት አትጠብቁላቸው። በዚያው ሳምንት 9 ዓመት የሚሞላቸውን አዲስ ስሞች ከቤተሰብ ማህደር ገልብጣችሁ በአዲሱ ገጽ ላይ ጻፉ።